ቱላ ተብላ የተመዘገበችው ዶሮ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «እትዬ ሰናይት፣ ዕረፍት እንዴት ይዞዎታል?» ባለሱቁ ይላል፣ ጎረቤት ይላል፣ ከታቦር ተራራ ሥር የሚያወርደኝ ባለባጃጅ ይላል። ምን ዕረፍት አለ! አንጀቱ ያረረ ሰው ምን ያርፋል?

«ለመሆኑ ሥራዎ ምን ነበር?» ይሉኛል ቀጥለው። «የዶሮ ዘር መመዝገብ» ስላቸው ይስቃሉ። «ዶሮ ደግሞ ምን መዝገብ አላት? እንቁላሏን ትጣል እንጂ!» ያለኝም አለ። ይሳቁ፣ እኔም መጀመሪያ ሲነግሩኝ ስቄያለሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ከዶሮዋ ክንፍ ሥር ጥቂት ደም እንወስዳለን። በደሙ ውስጥ ከእናት ከአባቷ የወረሰችው ሁሉ፣ ዘረመል የሚባለው፣ አለ። በመሣሪያ ሲነበብ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ፣ ቢያነቡት የማያልቅ ረጅም ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል። የኔ ሥራ ያንን ጽሑፍ ማጽዳት፣ የተበላሸውን ጫፍ መቁረጥ፣ ከሌሎች ዶሮዎች ጋር ማስተያየት፣ በመጨረሻም ከጎኑ የዶሮዋን ማንነት ጽፌ ዳታቤዙ ውስጥ ማስገባት ነበር። የት ተፈለፈለች፣ የማን ናት፣ መልኳ ምን ዓይነት ነው፣ እናቷ ማን ናት። አጥኚዎች ከዚያ እየቀዱ ነው በሽታ የምትችለዋን፣ ብዙ የምትጥለዋን፣ ታቅፋ የምትፈለፍለዋን የሚለዩት። ፊደሉ ትክክል ሆኖ ስሙ ውሸት ከሆነ፣ የሌላ ሰው ፎቶ ላይ የኔን ስም እንደ መጻፍ ነው።

እንግዲህ ንዴቴን ልንገራችሁ። በዚያ ዳታቤዝ ውስጥ ሐዋሳ አጠገብ ባለችው በቱላ ተጠርታ፣ «ቱላ፣ የአገር ዶሮ» በሚል ስም ለዓመታት የተቀመጠችው ዶሮ የአገር ዶሮ አይደለችም። ይህን እያወቁ ያስቀመጧት ሰዎች አሉ። በእሷ ሰበብ ቆጧ ባዶ የቀረባት ሴትም አለች። የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ ሌላው ሌላው ትዝታ መንገዴ ላይ ስለሆነ ነው የማነሣው።

ከአርባ ምንጭ መጥቼ ሐዋሳ ስቀጠር ገና ልጃገረድ ነበርኩ። የተቀጠርኩበት የዶሮ ምርምር ማዕከል መጀመሪያ የመደበኝ ማስፈልፈያ ማሽኑ ዘንድ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር እንቁላሉ እንዳይቀዘቅዝ ብርድ ልብስ ይዘን እንሯሯጣለን። የመጀመሪያው አለቃዬ ዶሮን የሚያውቃት በሳህን ስትቀርብ ብቻ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንም። ደመወዙም ለስሙ ያህል ብቻ ነበር፤ እሱንም እዚሁ ልተወው።

ከማስፈልፈያው ያወጡኝ ጋሽ ወርቅነህ ናቸው። ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ጥርሳቸው አይታይ፣ ኮፍያቸው ከራሳቸው አይወርድ። ዳታቤዙን በአንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ከባዶ የጀመሩት እሳቸው ናቸው። እጄ አይንቀጠቀጥም ብለው መረጡኝና ደም መቅዳት አስተማሩኝ። ላባውን በምራቅ ገለል አድርጎ፣ የደም ሥሩን በአውራ ጣት ጫን ብሎ፣ መርፌውን በአግድም ማስገባት። ዶሮዋ ከጮኸች ይቆጣሉ። «ጮኸች ማለት አልቻልሽበትም ማለት ነው» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ በልቤ «እርስዎንም ቢወጉዎት ይጮኻሉ» እላለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ወደ ገጠር ይዘውኝ ሲሄዱ መኪና ውስጥ አንድ ነገር ነገሩኝ። «ሰናይት፣ መጀመሪያ የምትወጣልሽን ዶሮ እንዳታምኛት።» አልገባኝም። የገባንበት ቤት በቅቤ የራሰ የእንሰት ቡርሳሜና እርጎ ቀረበልን፤ ከበላን በኋላ ባለቤትየዋ ደረቷ የሞላ፣ ላባዋ የሚያብረቀርቅ ቀይ ዶሮ አቅፋ መጣች። ጋሽ ወርቅነህ አደነቁ፣ መረቁ፣ ደሟን አስቀዱኝ። ከዚያ የብልቃጧ ክዳን ላይ ትንሽ «እ» ጻፉ። ምንድን ነው ብላቸው፣ «የእንግዳ ዶሮ ናት» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ ደህና ደህናው ነው የሚወጣው። ከቢሮ በመኪና የመጣ ሰው ዶሮሽን አሳዪኝ ሲላት፣ የቤቱ እመቤት ያችን ጭራዋ የተነጨ፣ አመድ ላይ ስትንከባለል የዋለች የአገር ዶሮዋን አታወጣም፤ ታፍራለች። ግብርና ያደላትን ወይም ከገበያ የገዛቻትን የፈረንጅ ድቅል ነው አቅፋ የምትመጣው። ውሸት አይደለም፣ ማክበር ነው። ጋሽ ወርቅነህ አክብሮቱን ይቀበላሉ፣ ደሙን ለብቻው ያስቀምጣሉ። ከዚያ በርጩማ አስወጥተው ደጅ ይቀመጣሉ፤ አመሻሹ ላይ ዶሮዎቹ ወደ ቆጥ እስኪወጡ። አንገተ መላጣዋ፣ ገብስማዋ፣ ዥግራ መሳይዋ አንድ አንድ እያሉ ሲገቡ፣ «ይቺ እናቷ ማን ናት? እዚሁ ቤት ታቅፋ ነው የፈለፈለቻት?» ብለው ይጠይቃሉ። እናቷ ካልታወቀች ደሟ አይቀዳም። ሹፌሩ ያጉረመርማል፣ እኔን ይርበኛል፣ እሳቸው ንቅንቅ የለም።

ደጋውን ሁሉ እንዲህ አድርገን ዞርነው። ቱላን ግን «ቅርብ ናት፣ የትም አታመልጠን» እያልን ለመጨረሻ አቆየናት። ጋሽ ወርቅነህ ጤናቸው ከድቷቸው ቤት ሲውሉ ቱላ ገና አልተነካችም ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በቦታቸው ዶክተር ብሩክ መጣ። ወጣት፣ ዘናጭ፣ አፈ ቅቤ። አልክድም፣ ኮምፒውተሩን ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። አሮጌዋን ማሽን አስጥሎ ሰርቨር አስገባ፣ ዳታቤዛችን ከውጭ አገር አጥኚዎች ጋር እንዲገናኝ አደረገ። ለዚህስ እጁን ይባርከው። ዶሮን ግን ከስክሪን ውጪ አይቷት የሚያውቅ አይመስለኝም። ለገንዘብ ሰጪዎቹ «በዚህ ዓመት ቱላን እንጨርሳለን» ብሎ ቃል ገብቶ ኖሮ፣ ሴቶቹ ዶሯቸውን ይዘው ጠዋት ቀበሌ ግቢ እንዲሰበሰቡ አስለፈፈ።

«ዶክተር፣ ይሄ አይሆንም» አልኩት። «ዶሮ ቤቷ ነው የምትታየው።»

«እትዬ ሰናይት፣ ያ የድሮ አሠራር ነው። በየሰው ደጅ ተቀምጠን ዶሮ እስክትተኛ ከጠበቅን ፕሮጀክቱ ያልቃል።»

«ይለቃ! ለስብሰባ ስትጠሯቸው ደህና ደህናዋን ነው ይዘው የሚመጡት።»

«ደህናዋ ትምጣ፣ ምን ችግር አለው? እርስዎ ደሙን ይቅዱልን፣ ሌላውን ለኛ ይተዉት።»

ኧረ ጉድ ነው! በዚያን ቀን ቀበሌው ግቢ የዶሮ ሰርግ መሰለ። ሴቶቹ የአምልኮ ቀን ልብሳቸውን ለብሰው፣ በክንዳቸው ቀይ ቀይ ዶሮ ታቅፈው ተሰለፉ። ጭራዋ የተነጨ አንዲት እንኳ የለችም። አንዷ ዶሮዋን በሳሙና አጥባት መጥታለች፣ ላባው ገና አልደረቀም። እኔ «እናቷ ማን ናት?» እያልኩ ስጠይቅ ሰልፉ ረዘመ፤ ዶክተር ብሩክ መጥቶ ቆመብኝ። «መልኳንና የባለቤቷን ስም ብቻ፣ እትዬ ሰናይት። ሰው ፀሐይ ላይ ነው።»

ወይዘሮ ማርታን ያወቅኋት እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። ባሏ የሞተባት፣ ቱላ ዳር በእንሰቷና በዶሮዋ ልጆች የምታሳድግ፣ ድምፅዋ የማይሰማ ሴት። እሷም ያመጣቻት ዶሮ ቀይ፣ የግብርና ድቅል ነበረች። «ቤት ሌላ አለሽ?» ብላት በእጇ አፏን ሸፍና ሳቀች። «አሉ፣ ግን እነሱ ለሰው አይታዩም።» ከኋላዋ ያለችው ገፋች፣ ሰልፉ ሄደ።

ደሙ ውጭ ተልኮ ተነብቦ ሲመጣ ጽሑፉን አጸዳሁና ጋሽ ወርቅነህ ለብቻ ካስቀመጧቸው የእንግዳ ዶሮዎች ጋር አስተያየሁት። ቁጭ! የቱላዎቹ ከደጋ የአገር ዶሮዎች አጠገብ የሉም፤ ከእንግዳ ዶሮዎቹና ከፈረንጅ እንቁላል ጣዮቹ ጎን ተደርድረዋል። ወረቀቱን ይዤ ብሩክ ቢሮ ገባሁ።

«አይቼዋለሁ» አለኝ ቀና ሳይል። «ዛሬ ያልተደባለቀ የት አለ፣ እትዬ ሰናይት? ሁሉም ትንሽ ትንሽ ነክቶታል።»

«ትንሽ አይደለም፣ ይዩት እንጂ! ‹የአገር ዶሮ› የሚለው ይውጣ።»

«ካወጣነው ቱላ ባዶ ትሆናለች። ቃል ገብተናል እኮ።»

«ባዶ ትሁና! ባዶ ማለት ውሸት አይደለም። ሄደን እንደገና እንቅዳ።»

«ለጊዜው ይግባ፣ በኋላ ይታረማል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ሲባል አልሰሙም?»

«ካልታቀፏትማ ትገማለች እንጂ የትም አትሄድ!» አልኩትና በሩን ወርውሬው ወጣሁ። ከሱ በላይ ላሉት አመለከትኩ። «ይታያል» አሉኝ። እኛ አገር «ይታያል» ከተባለ ለቅሶ መቀመጥ ነው። መዝገቡ «ቱላ፣ የአገር ዶሮ» ተብሎ ወጣ፣ ዓለም አየው፣ ብሩክም በሱ ጽሑፍ አሳትሞ ተጨበጨበለት።

ከዚያ የፈራሁት መጣ። አንድ የዶሮ ማባዣ ፕሮግራም ለገጠር ሴቶች የሚያድለውን ዝርያ ሲፈልግ ዳታቤዙን ከፈተ። የአገር ዶሮ ሆና እንደ ፈረንጅ የምትጥል ተገኘች፣ ተአምር ነው ተባለ። ምኑ ነው ተአምሩ? ፈረንጅ ስለሆነች ነዋ! ከነዚያው ቀይ ዶሮዎች አራብተው ቱላ ላይ አደሉ። «ዘሩ እንዳይደባለቅ የድሮዎቹን አስወግዱ» ብለው አዘዙ። ሴቶቹ ታዛዦች ናቸው፤ ለፋሲካ ገበያ አውጥተው ሸጧቸው።

ጡረታዬ ሲቃረብ አንድ ቀን ማርታ ማዕከሉ በር ድረስ መጣች። ዘበኛው ጠራኝ። ነጠላዋን እያፍተለተለች ብዙ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ አወራን።

«ምን ሆነሻል ማርታዬ?» አልኳት በመጨረሻ።

«እትዬ፣ ዶሮዎቹ አይታቀፉም። እንቁላል አስቀምጬ አያቸዋለሁ፣ ረግጠውት ይሄዳሉ። ምናልባት እኔ አያያዝ አላወቅሁ ይሆን?»

አያያዝ አላወቅሁ ይሆን! ዶሮ ሲፈለፈል እያየች ያደገች ሴት ጥፋቱን ከራሷ ፈለገች። ያኔ ነው ደሜ የፈላው። የፈረንጅ እንቁላል ጣይ እንዳትታቀፍ ተደርጋ ነው የተራባችው፤ በታቀፈች ጊዜ እንቁላል አትጥልማ። ለከተማ እርባታ ምንም አይደለም፣ ማሽን ይፈለፍልላቸዋል። ማርታ ግን ማሽን የላትም። ለሷ ዶሮ ማለት ታቅፋ የምትተካ ናት። አንዷ ስትሸጥ ሌላዋ ጫጩት አስከትላ ትወጣለች፣ የልጅ ደብተርና የሕክምና ወጪ ከዚያ ነው።

«የድሮዎቹስ?» አልኳት፣ መልሱን እያወቅሁት።

«ሸጥኳቸው እኮ። ሽጡ ተባልን።»

«ጎረቤት ጋ አንድ አትጠፋም።»

«ሁሉም ሸጠ፣ እትዬ። አንድ ላይ ነው የወረድነው ገበያ።»

እነዚያ «ለሰው አይታዩም» የተባሉት ዶሮዎች፣ የኔ ብልቃጥ ያልነካቸው፣ ከሰፈሩ ጠፍተዋል ማለት ነው። በስማቸው ሌላ ተቀምጣለች፣ በቦታቸውም ሌላ ተቀምጣለች። ማርታን በባዶ እጇ ሸኘኋትና መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። የሐዘን አይደለም፣ የንዴት ለቅሶ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ፕሮግራሙ ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሊሰፋ ነው ተባለ፤ ያችው ዶሮ፣ ያው ትእዛዝ። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ስብሰባ ተጠራ። ማርታም «ተጠቃሚ» ተብላ ተጋበዘች። ዋዜማውን ቱላ ድረስ ሄጄ «ነገ ያለውን ተናገሪ፣ እንዳትፈሪ» አልኳት። «እሺ» አለችኝ።

አዳራሹ ውስጥ ብስኩት ታድሏል፣ ባነር ተሰቅሏል። ባነሩ ላይ ያችው ቀይ ዶሮ ደረቷን ነፍታለች። ዶክተር ብሩክ ስለ ዳታቤዙ አሳምሮ ተናገረ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ የፕሮግራሙ ኃላፊ፣ ማርታን አስነሷት። «እናታችን፣ ዶሮዎቹን እንዴት አገኟቸው?»

ማርታ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። «ጌታ ይባርካችሁ» አለች። «ትልልቅ ናቸው። እንቁላል ይጥላሉ። እናመሰግናለን።» አዳራሹ አጨበጨበ።

ወይኔ! መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። በኋላ ሳስበው ግን በሰው ግብዣ ተቀምጣ፣ ብስኩታቸውን በልታ እንዴት ትውቀሳቸው? እንዲያ አላሳደጓትም። እኔ ግን ያሳደጉኝን ረስቼ ተነሣሁ።

«ሰብሳቢ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ» አልኩና ሳይፈቀድልኝ ቀጠልኩ። «ማርታ፣ ዶሮዎቹ ይታቀፋሉ?»

አንገቷን ደፋች።

«ማርታዬ፣ ይታቀፋሉ ወይ?»

«አይታቀፉም።»

«ጫጩት አለሽ?»

«የለኝም።»

«የድሮ ዶሮዎችሽ የት አሉ?»

«ሽጡ አላችሁን» አለች፣ ወደ ሰብሳቢው ቀና ብላ። «ሸጥናቸው።» ማርታ ሰው አትከስም፤ ከጠየቋት ግን አትዋሽም።

«እትዬ ሰናይት፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ ይሄ መድረክ ለዚህ አይደለም» አለ ብሩክ።

«አልቀመጥም! ያቺን ዶሮ ባነር ላይ ያወጣሃት አንተ ነህ! ድቅል መሆኗን ፊትህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬልህ ‹አይቼዋለሁ› አላልከኝም? ዛሬ ደግሞ የሌላ ወረዳ ሴት ቆጥ ልታራግፉ ነው?» እስከዚያ ቀን አንተ ብዬው አላውቅም። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ።

ሰብሳቢው ወደ ብሩክ ዞሩ። «ዶክተር፣ የአገር ዶሮ ናት ወይስ አይደለችም?»

«ነገሩ ቴክኒካል ነው። የመደባለቅ መጠኑ እንደ...»

«ናት ወይስ አይደለችም?»

ብሩክ ውሃውን ጠጣ። «ናት ማለት አይቻልም» አለ።

ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ከግቢው ስንወጣ ማርታ አኩርፋኛለች። «እትዬ፣ ሰው በግብዣው ላይ በኔ አፍ አሰደቡ» አለችኝ።

«እነሱ ቆጥሽን ሲያራግፉ ያልከፋሽ...!»

«ከፍቶኛል» አለች። «ግን ብስኩት በልቻለሁ።» ባጃጅ ውስጥ እስከ ቱላ ፊቷን አዙራብኝ ሄደች። ስትወርድ ብቻ እጄን ይዛ፣ «የሌላው ወረዳ ሴቶች እንዳይሸጡ ይንገሯቸው» አለችኝ።

እንዳይሸጡ ተነገራቸው። ፕሮግራሙ ወደ ሌላ ወረዳ መሄዱ ቀረ። ዳታቤዙ ላይ «የአገር ዶሮ» የሚለው ወጥቶ «ድቅል» ተባለ፤ ብሩክ በገዛ እጁ ሲያርመው ከኋላው ቆሜ አይቻለሁ። የኔ የጡረታ ወረቀት ለቅጣት ይሁን ለስንፍና ወራት ተጉላላ፣ የስንብት ምሳዬም ተረሳ። ይረሳ! ለማርታ ካሳ ተብሎ ምን ቢሰጣት ጥሩ ነው? እንደገና የነዚያኑ ቀይ ዶሮዎች ጫጩት በካርቶን። እግዜር ያሳያችሁ! እኔና እሷ ግን ቱላን ከዳር ዳር በእግራችን ዞረን የምትታቀፍ የድሮ ዘር ፈለግን። አንዲት አላገኘንም። ከሌላ አገር ብትመጣ ደግሞ የመጣችበት አገር ናት እንጂ የቱላ አይደለችም።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጮኸ። ብሩክ ነው። ድምፁ ለስልሷል፣ ጤናዬን ጠየቀ፣ ዕረፍት እንዴት ነው አለ።

«ምን ፈልገህ ነው?» አልኩት።

«ላሳተምነው ጽሑፍ ማረሚያ እየጻፍን ነበር፣ እትዬ ሰናይት። እውነተኛዋ የቱላ የአገር ዶሮ ምን ዓይነት እንደነበረች አንድ ሁለት መስመር ብናስገባ ብለን። የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ማንን ብንጠይቅ ይሻላል?»

«የዚያን ፋሲካ ሐዋሳ ላይ ዶሮ ወጥ የበላውን ሰው ጠይቅ» አልኩትና ዘጋሁበት።